የሦስተኛው ጣቢያ ውሃ

በወንዙ ዳር አሥር የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች ነበሩ። ሬዲዮው ግን አንድ ነው፤ በቀን ከሃያ ጥሪ በላይ አይችልም። ስለዚህ ቢሮው በቀመር ይሠራ ነበር። ከፍታው የሚዋዥቅ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ውሃው የረጋ አንዴ ይበቃዋል፣ የቀረው በግምት ይሞላል።

ሬዲዮውን የሚይዘውን ሰው «ጆሮ» ይሉታል። የየጣቢያው ጠባቂዎች የሚነግሩትን የከፍታ ቁጥር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲመዘግብ ኖሯል። የቀመር ባለሙያዋ ከጎኑ ተቀምጣ ግምቱን ታሰላለች። ዓይን አፋር ናት፤ ማነጋገሪያውን የምትይዘው ጆሮ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ዛሬም ሃያ ሳንቲሜትር ወጣ፣ አሥራ አምስት ወረደ» ይላል ጆሮ። «ይሄ ውሃ ነው ወይስ ፍየል?»

«ቀመሩ ያለውን ማድረግ ነው እንግዲህ፣ ጋሼ» ትላለች ቀና ሳትል።

ሦስተኛው ጣቢያ በቀን ስምንት ጥሪ ይደርሰው ጀመር። ከከተማው በላይ ላለው ለሰባተኛው የቀረለት አንድ ነው፤ እሱም ጠዋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰባተኛው ጣቢያ ውሃው ሞላ። ጠባቂው ደጋግሞ ተጣራ። መስመሩን ሦስተኛው ይዞት ነበር። ጎርፉ ታችኛው ሰፈር ገባ፤ አንዲት አሮጊት ከነቤታቸው ተወሰዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሰው ልኮ ሦስተኛውን ጣቢያ አስፈተሸ። ውሃው እንደ ኩሬ የረጋ ነው። ጠባቂው ደግሞ የጆሮ የእህት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

«ከዘመድህ ጋር ወሬ ስታወራ ልትውል ቁጥር ፈጠርክ» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ልጁን ስንጠይቀው ዝም አለ። ለአጎቱ ካልሆነ ለማን ብሎ ነው ዝም የሚለው?»

ጆሮ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ከጎኔ አይደል የምትውዪው? ንገሪያቸው እስቲ።»

ባለሙያዋ ወረቀቷን አስተካከለች። «እኔ ከቁጥሩ በቀር የማውቀው የለም» አለች።

ጆሮ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ተባረረ። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» አለ። ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ባለፈው ወር ሞተ፤ እስኪሞት ድረስ ሰፈሩ «አሮጊቷን ያስበላ» ይለው ነበር።

ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ጆሮ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ለዚያ ለሦስተኛው ጣቢያ ልጅ በሬዲዮ «ውሃህ ከረጋ ድምፅህን አልሰማም» ያልኩትም እኔ ነኝ።