በእጥፍ የቀደመው ላፕቶፕ

«እኔ የምለው፣ ይኼ ማሽን ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አለ ወንድምየው፣ ከጓዳው የሚመጣውን ጩኸት በአገጩ እየጠቆመ። «ጆሯችን ደነቆረ እኮ!»

«ወፍጮም ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የበላኸውን የፈጨልህ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ማራገቢያ።

ሥራ አስኪያጇ በሁለቱ መካከል ቆማ ግንባሯን ታሻለች። አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሌላው አባቷ በሕይወት ሳሉ የቀጠሯቸው ሰው ናቸው።

ቢሮው ገና ያልተሠሩ ቤቶችን እንደተሠሩ አስመስሎ በፊልም ያሳያል። ሠራተኞቹ በየጠረጴዛቸው ይነድፋሉ፤ ንድፉ በገመድ ጓዳ ወዳለው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ይሄድና ፊልም ሆኖ ይመለሳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሰርቨሩ ስድስት ማራገቢያ ስላለው የጠባቂውም ስም በዚያው ጋሽ ማራገቢያ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ግን ወንድምየው አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። የድሮ ኮምፒውተሩን ፕሮግራምና ቅንብር እንዳለ ገለበጠበት፤ አንዲት ምልክት እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፉ አላረፈም።

«በቁጥር እናውራ» አለች እሷ።

«በቁጥር ከሆነማ! የሰርቨሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሠላሳ ሁለት ኮር አለው፣ የእኔ አሥራ አራት። ግን የእኔ አንዱ የሱን ሁለት ያስከነዳል፤ የሱ አርጅቷል። መብራትም ቢሆን የእኔ የአንድ አምፖል ያህል ነው የሚበላው። የሱ ሰፈሩን ያጠፋል። ሲበላሽ መለዋወጫው ደግሞ የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ነው።»

«ለአጭር ሩጫ ልክ ነህ» አሉ ጋሽ ማራገቢያ። «የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሲጀምር ይከንፋል። ሥራው ሲረዝም ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማብረድ ይንቀረፈፋል። ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ብትጭንበት ያው ነው።»

«እንግዲህ ይሞከራ!»

ሰርቨሩ ከወጣ ጋሽ ማራገቢያም አብረው እንደሚወጡ ሦስቱም ያውቃሉ። ጓዳው ውስጥ ሌላ ሥራ የለም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇ ሙከራውን ለማንም አልሰጠችም። ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ፊልም ለሁለቱም አዘጋጀች። ላፕቶፑ ቅርቧ ስለነበር መጀመሪያ እሱን አስጀመረች። ወደ ጓዳው ስትራመድ ማራገቢያዎቹ ማጓራት ጀምረው ነበር። ገብታ ሰርቨሩንም አስጀመረች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ላፕቶፑ አርባ ከመቶ ደረሰ። በበሩ መስታወት አሻግራ ስታይ ሰርቨሩ ገና ዜሮ ላይ ነው።

«ጩኸት ብቻ!» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

ጋሽ ማራገቢያ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ነበር። «ልጄ፣ ቁልፉን ስጪኝ። አንዴ ልየው።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ማንም አይገባም።»

«አተነፋፈሱ ልክ አይደለም። ይኼ ሥራ ያልጀመረ ማሽን ድምፅ አይደለም።»

ኪሷን በእጇ ሸፈነች። ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው መጡ። አጎንብሰው ከላፕቶፑ ጎን ተሰክቶ ወደ ጓዳው የሚሄደውን ገመድ ሲይዙ አየቻቸው።

«ጋሼ! እጅዎን ያንሱ!»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። በእኚህ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም።

«ይቺን ገመድ ብቻ...»

«አየሽ? ሊያበላሹብን ነው!» አለ ወንድሟ።

ሽማግሌው ገመዱን ለቀቁ። ሥራ አስኪያጇ ግን ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አላነሳችም። የጨነቀው ሰው ምን አያደርግም?

ላፕቶፑ በሃያ ስድስት ደቂቃ ጨረሰ። ሰርቨሩ በሃምሳ ሁለት።

«ልክ እጥፍ?» አሉ ጋሽ ማራገቢያ። «አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይዛነፍ?»

«ይኸው ነው ጋሼ» አለ ወንድምየው። የእህቱን እጅ ይዞ ላፕቶፑ ላይ አሳረፈው። «ይግላል አላሉም? ንኪው እስቲ! እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።»

እውነትም ቀዝቃዛ ነበር።

የደንበኛው ትልቁ ፊልም በአሥር ሰዓት መድረስ አለበት፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ ሥራው ለሌላ ቢሮ ይሰጣል። ወንድምየው ጊዜ ሳያጠፋ ላፕቶፑ ላይ አስጀመረው። ስልኩንም አንስቶ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ነጋዴ ደወለ። ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናውን በር ላይ አቆመ።

ሙከራው ካለቀ ቆይቷል፤ ጓዳው ግን እንደ ጠዋቱ ያጓራል።

«ሥራ ፈትቶም ይጮኻል!» አለ ወንድምየው።

ሥራ አስኪያጇ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። የሽማግሌውን ዓይን ማየት ስላልቻለች የሸሚዛቸውን ቁልፎች እያየች ተናገረች።

«ጋሼ... ይንቀሉት።»

«ፊልሙ ይለቅና እነቅለዋለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ ታገሺኝ።»

«ፊልሙ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ምን አገናኘው?»

«ልጄ፣ ስሚኝ...»

«ሰውየው ውጭ ቆሟል ጋሼ። አሁን።»

ጋሽ ማራገቢያ ቁልፉን ተቀብለው ገቡ። ስድስቱ ማራገቢያዎች ተራ በተራ ዝም አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ተሰማ።

ወጡና ቁልፉን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጡ። ኮታቸውን ከመስቀያው አንስተው ደረጃውን ወረዱ።

ላፕቶፑ ላይ ስልሳ ሦስት ከመቶ የደረሰው ቁጥር ቆሟል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቅ አለ፦ «ሰርቨሩ አልተገኘም፤ ሥራው ተቋርጧል።»