መብራቱ ሳይበራ

በዩኒቨርሲቲው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀዩ መብራት ሲበራ ቁልፉን መጫን። በራ፤ ተጫነች። በራ፤ ተጫነች። ጣቷ አንዴም አላመነታም።

«እንዲህ ከሆነማ ሰውም ማሽን ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል።

«እንደዚያ የሚሉ አሉ» አላት መምህሩ።

መምህሩ ይህን የምላሽ ፍጥነት ጥናት ከጨረሰ ወር አልፎታል። ዛሬ ያስቀመጣት ለሌላ ጉዳይ ነው። ወንድሟ ይበልጣል ሌሊት አርፏል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «መርዶው ነገ ማለዳ ነው፤ ጓደኛዋ አይደለህ? ዛሬን ወሬ እንዳይደርሳት አደራ!» ብለውታል። ስልኳንም «መለኪያውን ይረብሻል» ብሎ ተቀብሎ አጥፍቶታል።

«ሳይበራ ብጫንስ?» አለችው።

«አይቆጠርም። የግድ መብራቱን መጠበቅ አለብሽ።»

ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

«ደከመሽ እንዴ?» አላት።

«ኧረ አልደከመኝም። ጥቁር ቀሚሴን ጠዋት ከቤት ስወጣ አጥቤ አስጥቼዋለሁ» አለች በዚያው ድምፅ። «ደመናው ከበደ እንጂ። ለነገው መርዶ ይደርቅልኝ ይሆን?»

መምህሩ ያጠፋውን ስልኳን አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

መብራቱ በራ። ተጫነች።