የረቡዕ ኑድል

ናዝሬትን ለጥፋት ያበቃት መብራት ነው። ሌላ ተጠያቂ የለም።

መብራቱ የጠፋው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ረቡዕ ረፋድ ላይም አልመጣም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው የዶሮ ሥጋ ቀልጦ ለስልሷል። ወይ ዛሬ ይበስላል፣ ወይ ዛሬ ይጣላል። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ደግሞ ዶሮ አትጥልም።

ችግሩ ቀኑ ነው። መካኒሳ አቦ፣ እትዬ አሰገደች ግቢ ውስጥ ይህችን አንድ ክፍል ከገና በኋላ ሲከራዩ፣ አከራይዋ ሕጋቸውን በአጭሩ ነግረዋቸው ነበር። «በር በጊዜ ይዘጋል፣ ውሃ በቁጠባ ነው፣ በጾም ቀን ደግሞ የሥጋ ሽታ እንዳይሸተኝ። ረቡዕና ዓርብ እንዳትረሱ።» ናዝሬትና ባሏ ሚሳኤል ከዱራሜ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። ስለ ኦርቶዶክስ ጾም የሚያውቁት ከአከራያቸው አፍ የሰሙትን ያህል ብቻ ነው። ከእነሱ በፊት እዚያ ክፍል የነበረችው ሶፊ ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ቅቅል ቀቅላ፣ ሳምንት ሳይሞላት ዕቃዋን ጭና እንደወጣች ግን ግቢው ሁሉ አውርቶላቸዋል። ሆድን ይዞ ቤት ፍለጋ መዞርን ናዝሬት ለጠላቷም አትመኝም።

«ቶሎ የሚደርስ ነገር እንሥራ» አለ ሚሳኤል። ለቡ ያለ የቻይኖች ግንባታ ላይ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ቀን ቀን ቤት ይውላል። «የካምፑ ወጥ ቤት ኑድል በዶሮ ሲጠብስ አይቻለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

ነገሩ ገባት። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን እየተቁላላ ሰፈሩን በስም ይጠራል። የቻይናው ግን ሽታው አጥር ሳይዘል ሳህን ላይ ይገኛል። እትዬ አሰገደች እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ቅዳሴ ሄደው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተመልሰው አያውቁም።

ካሮትና ጥቅል ጎመን ልትገዛ ወጣች። የጎረቤቱ አጥር ላይ የተሰጣው የፋሲካ በግ ቆዳ ገና አልደረቀም። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ተሰልፈው አየች። «ለውሻቸው ይሆናል» ብላ አለፈች።

መስኮቱ ተዘጋ። የበሩ ሥር በፎጣ ተደፈነ። ናዝሬት ኑድሉን ቀቅላ አጠለለች፤ ሚሳኤል ዶሮውን በቀጫጭኑ ቆረጠ። ቡታጋዙ ላይ ዘይቱ ሲግል ዶሮው ገባና ቸስ አለ።

«ቀስ በል፣ ድምፁ ይሰማል!»

«በቀስታ አይጠበስማ! እሳቱ ኃይለኛ ካልሆነ ቻይና አይሆንም።»

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮት፣ ጎመን ተከታትለው ገቡ። ከዚያ ኑድሉ ተገለበጠበት፤ ቻይናዊው አለቃ ለበዓል የሰጡት ሶያ ሶስ ፈሰሰበት። ሽታው፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ ያጠፋ ነበር። ጣጣውም እሱ ሆነ።

የውጭው በር ሲጢጥ አለ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ናዝሬት።

«ገና ስድስት ሰዓት እኮ ነው!»

እርምጃው ግቢውን አጋምሶ ቆመ። አንዴ፣ ሁለቴ አየር ሲማግ ተሰማ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው የማሚቴ በር ተንኳኳ።

«ማሚቴ፣ ይሄ የዶሮ ሽታ ካንቺ ቤት ነው?»

«ኧረ እኔ ሽሮ ነው የጣድኩት፣ እትዬ።»

እርምጃው ወደ እነሱ ዞረ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ማስረጃውን ማጥፊያ መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ዶሮውን ከኑድሉ መሃል እየለቀሙ ወደ አፋቸው ይወረውሩት ገቡ። ሚሳኤል ሳያኝክ ዋጠ። ናዝሬት ምላሷ ተቃጠለ፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ጣዕሙ ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም። በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲንኳኳ መጥበሻው ላይ የቀረው ኑድልና አትክልት ብቻ ነው።

«ይግቡ፣ እትዬ።»

እትዬ አሰገደች ገቡ። የተዘጋውን መስኮት አዩ። ፎጣውን አዩ። መጥበሻውን አዩ። ሳይጋበዙ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ሹካ አነሡ። ኑድሉን ወዲህ ገለበጡት፣ ወዲያ ገለበጡት። ከታችም ፈለጉ።

«ዶሮ የለበትም?»

«ኧረ የለበትም!» አለች ናዝሬት በተቃጠለ ምላሷ። «በረቡዕ? እኛ? የእርስዎን ጾም አክብረን አይደል እንዴ የምንኖረው!»

«እኛ ድሮም ዶሮ አንወድም» አለ ሚሳኤል፣ ሳል እያነቀው።

የአከራይዋ ፊት ጠቆረ። ሹካውን ቀስ ብለው አስቀመጡና አንዴ ባልን፣ አንዴ ሚስትን አዩ። ናዝሬት ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። በሐሳቧ አልጋውን ፈትታ፣ ሆዷን ይዛ፣ ከደላላ ጋር ለቡ ለቡን መዞር ጀመረች።

«የምን የረቡዕ ጾም ነው የምታወሩት እናንተ ልጆች?» አሉ እትዬ አሰገደች፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን እስኪሞላ እኮ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ቅዳሴውም በጠዋት ይወጣል፤ እኔማ ዶሮ ቢሸተኝ ያቋድሱኛል ብዬ፣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ መምጣቴ!»