የወይዘሮ ስኂን ብርሃን

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በደረቱ ላይ በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ የፍቅር ብርሃን ይዞ ይወለድ ነበር። የሰው ልብ ሲርቅ ግን ብርሃኑ ኮስምኖ ይታያል።

የሥነ ፈለክ ሊቁ አቶ ዘርጋው ምሳ ቀርቦላቸው የባለቤታቸውን የወይዘሮ ስኂንን ደረት ተመለከቱ። ብርሃናቸው ከጭላንጭል አይበልጥም። «ሲፈጥራት ፍቅሯ ትንሽ ነው» እያሉ ለዓመታት ራሳቸውን አጽናንተዋል። ዛሬ ግን ወይዘሮ ስኂን ሻንጣቸውን በር ላይ አኑረው፣ ወጡን ለባላቸው ብቻ አወጡ።

«አንቺስ አትበዪም?»

«ልጄ ቤት እበላለሁ። ከእንግዲህ ኑሮዬም እዚያው ነው።»

«መቼም ድሮም ብርሃንሽ ደብዛዛ ነበር።»

ወይዘሮ ስኂን ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ተማሪዎችህን ምን ነበር የምታስተምራቸው? እየደመቀ የሚደበዝዝ ኮከብ ትርታው ከዘገየ እንዴት ያለ ነው?»

«በተፈጥሮው እጅግ ደማቅ ነው» አሉ አቶ ዘርጋው እንደ ልማዳቸው። «ደብዝዞ ከታየ ግን…»

«ጨርሰው እንጂ! ምነው አፍህ ተያዘ?»

አቶ ዘርጋው የባለቤታቸውን ትርታ ልብ ብለው የተመለከቱት ያን ጊዜ ነበር። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ይደምቃል፤ ቀስ ብሎም ይደበዝዛል። እንዲህ የዘገየ ትርታ በማንም ሰው ደረት ላይ አይተው አያውቁም። ለሰማይ ከዋክብት ያልነፈጉትን ጥንቃቄ ለሚስታቸው ነፍገው፣ ታላቁን ብርሃን ስለ ራቀ ብቻ ትንሽ አድርገውት ኖረዋል።

«ስኂን፣ መቼ ነው እንዲህ የራቅሽው?»

«ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነው የራቅሁት።»

አቶ ዘርጋው ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉ። ወይዘሮ ስኂን ሻንጣቸውን አነሡ።

«አንተው ብላው፤ ይቀዘቅዝብሃል» አሉ።