ሁላችሁም ገባችሁ?

ልብስ ሰፊዋ፣ ልጅ እንዳላት ለማንም አልጻፈችም ነበር፤ ይህን ልብ ያለችው ግን መላሹን አመስግና ከጨረሰች በኋላ ነው።

የልብስ ንድፍ የምታወጣበት ነፃ ፕሮግራም አልከፈት ቢላት፣ በተጠቃሚዎቹ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄዋን ለጠፈች። አንድ የማታውቀው ሰው ወዲያው መለሰላት። የነገራትን ስታደርግ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ከመልሱ ግርጌ ግን "ልጅሽን ሳል ይዟታል፤ መስኮቱን ዝጊላት" የሚል ነበረበት።

"መሳልሽን ማን ነገረው?" አለች እናት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

"እማዬ ደግሞ! ራስሽ ጽፈሽ ረስተሽው ነዋ" ብላ ልጅቷ ከመኝታ ቤት ሳቀች። "ሜትሩን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ሜትሬ የት ገባ የምትይ ሰው!"

እናት ጥያቄዋን ደግማ አነበበችው። ስለ ልጅ አንድም ቃል የለበትም። መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ወደ በሩ ሄደች። ቤቱ ውስጥ ከእሷና ከልጇ በቀር ማንም ባይኖርም፣ ማታ በር ስትቆልፍ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ነገር አላት። ክፉውን ሁሉ ውጭ ያስቀረች መስሏት ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችና እንደ ልማዷ ጠየቀች።

"ሁላችሁም ገባችሁ?"

"ገብተናል" አለች ልጅቷ እያሳለች።

ከኋላዋ ኮምፒውተሩ ጢን አለ። ከጥያቄዋ ሥር አዲስ መልስ ተለጥፏል።

"ገብተናል።"