የመስኮቱ ስልክ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጽጌማርያም እንደ ወትሮዋ የጤና አዳሙን ጣሳ ከመስኮቱ ደፍ አንስታ በቦታው የሳተላይት ስልኳን አስቀመጠች። ልጇ ፌቨን በረሃ ውስጥ ድንኳን ተክላ የከርሰ ምድር ውሃ ታጠናለች። እዚያ የኔትወርክ ማማ ስለሌለ በየቀኑ በዚህ ሰዓት የምትደውለው በሰማይ በኩል ነው።

ስልኩ አልጮኸም።

ጎረቤቷ ደምሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሳቀ። «እትዬ ጽጌ፣ ዛሬም ሰማይ ሰማይ ያያሉ? የምድሩ፣ የማማው መስመር በነጻ እየተሰጠ!»

«እሱንማ ባለፈው ሳምንት ፈርሜ ወስጃለሁ። ሁለቱንም እይዛለሁ ብዬ።»

«ሁለቱንም? የምድሩን የፈረመ እኮ ከሰማዩ ይሰረዛል፤ ውሉ ላይ አለ። ሁላችንም ፈረምን፣ የሰማዩ ድርጅት ደንበኛ አጥቶ ትናንት ዘጋ።»

«ታዲያ ማማውን እስከ በረሃው ያደርሱታል?»

ደምሰው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ፌቨን... እኔ እንጃ፣ እትዬ። ለአንድ ድንኳን ማን ማማ ይተክላል? አሁንማ ተፎካካሪም የለባቸውም።»

ጽጌማርያም ስልኩን አንስታ ጤና አዳሙን ወደ ቦታው መለሰች፤ ውሃም አጠጣችው። አሁን ከተማውን ሁሉ ቀኑን ሙሉ በነጻ ማነጋገር ትችላለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «እማዬ፣ አደርሽ?» የሚላት ግን የለም።