የተጠራቀመ ዕረፍት

ሆሳዕና ዳር ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ለትርፍ ሰዓት ብር አይከፈልም፤ በምትኩ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። ሐዳሳ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጠራቅሞላት አንዱንም አላረፈችም።

ሥራዋ ጆንያ መስፋት ነው። ወገኖቿ ያሉት ዳምቦያ ወረዳ ነው፤ እዚህ ከባሏ በቀር ዘመድ የላትም። እሁድን የሚያስገባት የፈረቃ ኃላፊው አሳምነው ነው።

"ነገም ትገቢያለሽ" ይላታል፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

"እሺ ጋሼ።"

አሳምነው ቁጡ ነው። አንዴ የጭነት ሹፌር አንቆ ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው ሁሉም አይቷል። እንግዲህ ሐዳሳ ዓይኗ አብጦ ስትገባ ሰው ሌላ ማንን ይጠርጥር? ለመስቀል ፋብሪካው አራት ቀን ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ግራ እጇ በጨርቅ ታስሮ መጣች።

"ጆንያ ወደቀብኝ" አለች።

ሴቶቹ አሳምነውን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ይኼስ ሰው አይደለም" አለች ገነቴ፣ አጠገቧ የምትሰፋው።

ሰኞ ጠዋት ተገኘ የሚባለው ባሏ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ አሳምነው ሄደ።

"ሚስት አለኝ ወይስ የለኝም? እሁድ እንኳ ቤቷ አትውልም?"

"እኔ የማስገባት ለምን እንደሆነ…"

ሳይጨርስ ባልየው የያዘው የብረት ዘንግ አገጩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘው። አሳምነው ወደቀ፤ ደሙ መሬት ላይ የፈሰሰውን ዱቄት አቦካው። ተገኘ ጎኑን በጫማው ደጋገመለት። የሚገላግል ጠፋ።

"ጨምርለት" አለች ገነቴ፣ መርፌዋን ሳታስቀምጥ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ዮዲት ከቢሮዋ ወጣች። አሳምነው በጉልበቱ እየዳኸ ቀሚሷን ያዘ። አፉ አልታዘዝ ብሎታል።

"ቀኑን… አትስጫት። እባክሽ።"

"ጥርስህ ረግፎም አትለቃትም?" አለች ዮዲት። ሠራተኛው ሳቀ።

የአሥራ ዘጠኙን ቀን የዕረፍት ቅጽ ሞልታ ማኅተም መታችበት።

"በኋላ እወስደዋለሁ እትዬ" አለች ሐዳሳ። "ዛሬ ጆንያው ብዙ ነው።"

"ጌታ እንኳ በሰባተኛው ቀን ዐርፏል፤ አንቺ ከእሱ ትበልጫለሽ? ሂጂ የኔ እህት። ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።"

ሐዳሳ መሬት ላይ ወደ ወደቀው ሰው አየች። እሱም አያት። ተገኘ እጁን ታጥቦ ሁሉንም እየጨበጠ አመሰገነ፤ "እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል" አለ። ሚስቱን ደግፎ ባጃጅ ላይ አወጣት። ሴቶቹ እልል አሉላት።

ቤት ሲገቡ ተገኘ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ቀበቶውን ፈታ። "ዛሬ አልቸኩልም" አላት፤ "እስኪሽርልሽ ጊዜ ሰጥተውናል።"